«እርዳታ ጠቀመዎት ወይስ ጎዳዎት?» ተብለው ሲጠየቁ

በሰሜን ወሎ መቄት፣ ፍላቂት የሚኖር ሰው ከውርጭ፣ ከስብሰባና ከመጠይቅ አያመልጥም። ውርጩን ጋቢ ደርቦ፣ ስብሰባውን ከኋላ ተቀምጦ ማሳለፍ ይቻላል። ስለ መጠይቁ ግን እስካሁን የመከረዎት ሰው የለምና ይህችን ምክር ከልብ ያዳምጡ።

አንድ ቀን ከጋሸና በኩል ነጭ ላንድ ክሩዘር ይመጣና ከደጅዎ ይቆማል። ታብሌት የያዘ ወጣት ይወርድና የቤተሰብዎን ብዛት፣ በሬ እንዳለዎት፣ ቤትዎ ሣር ይሁን ቆርቆሮ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን ጥራጥሬ፣ ስንት ቀን ሥጋ እንደበሉ ይጠይቅዎታል። (ሥጋውን ሲጠይቅ አይሳቁ፤ ልጁ የተጻፈለትን ነው የሚያነበው።) ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ የውጭ እርዳታ ጠቀመዎት ወይስ ጎዳዎት? በዚህ ጥያቄ የዋሽንግተንና የለንደን ሊቃውንት ለብዙ ዓመት ተከራክረው አልተስማሙም። ከእርስዎ የሚጠበቀው ግን ቡናው ሳይቀዘቅዝ መልስ መስጠት ነው።

አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት መኪናውን ይመልከቱ። ታርጋው ኮድ 4 ከሆነ የመንግሥት ነው፤ «በተደረገልን ድጋፍ ተጠቃሚ ሆነናል» ብለው ስንዴው ከየት እንደመጣ ሳያነሡ ይለፉ። የተባበሩት መንግሥታት ከሆነ «ጠቅሞናል፣ ግን አይበቃም» ይበሉ። «አይበቃም» የምትለዋን አደራ እንዳይረሷት፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚጠየቀው በእሷ ነው። መኪና ተከራይቶ የመጣ ጋዜጠኛ ከሆነ ደግሞ «ጎዳን» ይበሉት። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው «ደኅና ነን» ሊባል አይደለም።

ጠያቂው ምን አንብቦ እንደመጣ ማወቅም አይከፋም። ጄፍሪ ሳክስ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር፣ ሀብታም አገሮች በቂ ገንዘብ ቢያወጡ የከፋው ድህነት በአንድ ትውልድ ይጠፋል ብለው እ.ኤ.አ. በ2005 ጻፉ። በዓመቱ ዊልያም ኢስተርሊ የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ፣ እስካሁን የፈሰሰው ገንዘብስ ምን አመጣ የሚል መጽሐፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዛምቢያዊቷ ዳምቢሳ ሞዮ አፍሪካን የሚያደኸያት እርዳታው ራሱ ነው አሉ፤ ቡና ቤት ተቀምጦ እርዳታን የሚያወግዝ ምሁር ሁሉ የሚጠቅሰው የእሳቸውን ነው። ሞዮ ግን ገና ከመነሻው፣ ክርክሬ መንግሥት ለመንግሥት ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር ነው፣ ለተራበ ከሚደርስ እህል ጋር አይደለም ብለዋል። ይህን ለጠያቂው አይንገሩት። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው በእንግድነት ቤትዎ መጥቶ ቢያፍር ነውሩ የእርስዎ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ስንፍናዎ ነው። በስብሰባ ላይ «የጠባቂነት አስተሳሰብ» እያሉ የሚገሥጹዎትን ኃላፊ ያውቋቸዋል፤ ያን ቀን የውሎ አበላቸውን የከፈለው ለጋሽ እንደሆነ ለጊዜው እንርሳው። ፒተር ሊትል የተባሉ አንትሮፖሎጂስት ይህንኑ ወቀሳ ይዘው ከእኛ በታች ያለውን የደቡብ ወሎን ገበሬ አጥንተው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ላይ እርዳታው ትንሽ፣ የሚመጣበትም ቀን የማይታወቅ በመሆኑ እሱን ተማምኖ እርሻውን የተወ ሰው የለም ብለዋል። ጥገኛ ለመሆንም እኮ የሚያስተማምን ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ «ስንዴው አስንፎዎት ይሆን?» ሲባሉ፣ ራስዎን በትሕትና ዝቅ አድርገው «ዕድሉን አላገኘሁም» ይበሉ።

«የመጣው ስንዴ የእህል ዋጋ ሰብሮ ገበሬውን ጎዳ» የሚልም ይመጣል። ይሄኛው የተማረ ስለሆነ ወንበር ይስጡት። ጄምስ ሌቪንሶንና ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የኢትዮጵያን ቤተሰቦች መረጃ አገላብጠው፣ በእኛ አገር ስንዴ ከሚሸጠው ይልቅ ስንዴ የሚሸምተው ድሃ መሆኑን አሳይተዋል፤ ዋጋው ሲወርድ ከሚጎዳው ድሃ የሚጠቀመው ድሃ ይበልጣል ማለት ነው። መቄት ደጋ ላይ ገብስና ባቄላ አርሶ፣ በረዶ ያስተረፈለትን ሰብስቦ፣ ሐምሌ ሲገባ ጆንያ ይዞ ገበያ የሚወርድ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። የአርሲና የባሌ ስንዴ አምራች ቢያማርር ግን እውነት አለው። እህሉ የሚመጣበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ከሚላከው የእርዳታ እህል ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ ባንዲራ መርከብ እንዲጫን ያዛል። ጎጃም ላይ በቆሎ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ለመርከብ ኩባንያ ይከፈልና፣ ስንዴው ውቅያኖስ አቋርጦ፣ በጅቡቲ ወርዶ፣ ኮምቦልቻና ወልድያን አልፎ፣ ደልብን ወጥቶ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል። ለምግብ ብዙ መንገድ ነው።

የእደላ ቀን ደግሞ ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ይዘው ይሂዱ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው፣ ጆንያው ግን 50 ኪሎ ነው። ሦስት ሰው በአንድ ጆንያ ቢመደብ 5 ኪሎ ይተርፋል፤ በዚያች 5 ኪሎ የተነሣ የእርስዎ ቤት ከጎረቤት፣ ጎረቤት ከማዶ ሰው ጋር ይቆራኛል። አሥር ሰው ሲሞላ ሦስት ጆንያ እኩል ይገባል፤ ስለዚህ አሥር አሥር ሆኖ መሰለፍ ነው። ሸራ ይነጠፋል፣ የጆንያው አፍ ይፈታል፣ ስንዴው በዘይት ቆርቆሮ ይሰፈራል። ቆርቆሮው ከወዲህ የአሜሪካ ባንዲራ፣ ከወዲያ ጭርምት አለው፤ ጭርምቱ ወደማን ዞሮ እንደተሰፈረ ለማየት ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ሰፋሪዋ በመዳፏ ጠርዙን ጠረግ ታደርጋለች፣ «ቁልል አድርጊው እንጂ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ «ለእኔም እንዲሁ ነው የተሰፈረው» የሚል መልስ ይከተላል። ሁሉም ድርሻውን አስሮ ሲያበቃ ሸራው ላይ ከአቧራ ጋር የቀረውን ጠርገው፣ ስሟ ላልተጻፈላት ለአንዲት ባልቴት በነጠላዋ ጫፍ ይቋጥሩላታል። ቤት ከደረሱ በኋላም ያልተመዘገበ ወንድም አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ፣ እንዲያው በር ላይ ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ» የሚል ጎረቤት አለ። ይህን ሁሉ ለጠያቂው አይዘርዝሩት። በእሱ መዝገብ የእርስዎ ይሉኝታ «ላልተመለመለ ሰው የተሰጠ» ተብሎ እንደ ጉድለት ነው የሚጻፈው።

ጆንያውን አይጣሉ። ከአሜሪካ ሕዝብ የተላከ መሆኑ የተጻፈበት ስለሆነ ለብዙ ነገር ይሆናል፤ ገለባ ይሞላበታል፣ ለመኝታ ይነጠፋል፣ ክረምት ላይ ለእረኛ ገሳ ይሆናል።

ወደ ዋናው ምክር ልግባ፤ በሕይወት እያሉ ይመዝገቡ። ነገሩ ቀልድ እንዳይመስልዎት። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ረሃብ ባጠኑት መሠረት፣ በ1958 ወረኢሉ ላይ ሰው ሲራብ ወሬው ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ተነሥቶ ጃንሆይ ጆሮ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀ። ከደረሰ በኋላ የወጣው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። በዚህች አገር ምዝገባ ጥንትም የተከበረ ሥራ ነው፤ ክፋቱ ተራው አንዳንዴ መዘበራረቁ ነው።

«እርዳታ ባይኖር ገበያው ራሱ ይፈታው ነበር» የሚል ጠያቂ ቢገጥምዎት ደግሞ የ1965ቱን ረሃብ ያንሡለት። ያኔ ወሎን የሚያሰንፍ የእርዳታ ስንዴ አልነበረም። አማርትያ ሴን የተባሉት ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ያንን ረሃብ መርምረው ያገኙት ነገር፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር ነው። ወሎዬ የጠፋበት ገንዘቡ ነው፤ ከብቱ አልቆ፣ አዝመራው ጠፍቶ፣ መግዣ ያጣ ሰው ለገበያ ሰው አይደለም። እህሉ መግዣ ወዳለው ሄደ። ገበያው ሠርቷል፤ ሰው አለቀ።

በ1977ቱ ረሃብ ግን ዓለም ሰማ። ጥቅምት ላይ ቢቢሲ የኮረምን ሕዝብ አሳየ፣ ኅዳር ላይ ቦብ ጌልዶፍ የእንግሊዝን ዘፋኞች ሰብስቦ ስለ እኛ ዘፈን አወጣ። የዘፈኑ ርእስ፣ እነዚያ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ የሚል ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ከጎንደርና ከጎጃም የሚነሣው ምእመን በእግሩ እያዘገመ በደጃችን አልፎ ወደ ላሊበላ ይሄዳል፤ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲወረብ የሚሰማው ያ ሕዝብ ነው እንግዲህ የተጠየቀው። ቅር አይበልዎት፤ ከዘፈኑ በተገኘው ገንዘብ እህል ተገዝቷል፣ መድኃኒት ተገዝቷል፣ የተረፈ ሕፃን ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ለጥቅም ማስረጃ ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ የለኝም።

ለጉዳትም ከዚሁ ከ77 ሳልወጣ እነግርዎታለሁ። ደርግ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወደ 600,000 የሚሆን ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ደቡብና ምዕራብ ለሰፈራ ጫነ። ወዶ የሄደ አለ፤ እህል ይታደላል ተብሎ ተሰብስቦ ሳይወድ የተጫነ ደግሞ ብዙ ነው። የእርዳታ ጣቢያው ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የፈረንሳዩ ክፍል ይህንን አፍ አውጥቶ በመናገሩ በ1978 ከአገር ተባረረ፤ የቀሩት ድርጅቶች አብዛኞቹ፣ ከተናገርን ማን ይመግባል ብለው፣ ዝም ብለው ቆዩ። ክርክሩን የሚወዱ ሰዎች «ስንዴ ያሰንፋል» ከሚለው ላይ ጊዜያቸውን ባያጠፉና እዚህ ላይ ቢከራከሩ ደስ ይለኝ ነበር። የሚያደኸይ ስንዴ አላየሁም። እንደ ወጥመድ ሆኖ ሰው ሲያጠምድ ግን ታይቷል።

አሁን ድሃውን ቤተሰብ ሥራ አሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ ወደሚሰጠው ሴፍቲ ኔት እንምጣ። ሴፍቲ ኔት በ1997 ሲጀመር ለቀን ሥራ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር ክፍያው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ አምስት ጊዜ ሦስት አሥራ አምስት፣ ያችው 15 ኪሎ። ጉልበት የሌላቸው አዛውንት ያለ ሥራ ይቀበላሉ። ጥቅሙን በግልጽ ልናገር፦ ድሮ እህል የሚመጣው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነበር፤ አሁን ብዙ ቤት በሬው ሳይሸጥ ነሐሴን ይሻገራል። በ2008 ኤል ኒኞ ዝናቡን ሲወስደው 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልገዋል ተብሎ ነበር፣ እንደ 77 ግን አላለቀም። ተዳፋቱ ላይ ያለው እርከንም በዚሁ ስንዴ የተካበ ነው። ጠያቂው ከመጣ እርከኑን ያሳዩት፣ ፎቶ ማንሣት ይወዳል።

የሚጠነቀቁት ከምርቃቱ ነው። ቆርቆሮ ከመቱ፣ አንዲት ላም ከጨመሩ፣ «ራስዎን ችለዋል» ተብለው ይጨበጨብልዎታል፣ ስምዎ ይሰረዛል። የወረዳ እቅድ የሚሞላው በተመራቂ ብዛት ስለሆነ፣ እርስዎ ባይደርሱም እቅዱ ይደርስብዎታል። በዓመቱ የበልግ ዝናብ ቢቀር ላሚቱ ትሸጣለች፤ ተመራቂው ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ልማትዎን በልክ ያድርጉት። ፍየሎቹን አማት ቤት ያቆዩ፣ ቆርቆሮውን ከሚመቱበት ወር በፊት ማን ለቆጠራ እንደሚመጣ ያጣሩ። ይህን ምክር መስጠቴ አሳፋሪ ነው የሚል ካለ፣ ለማደግ ቅጣት የጻፈውን ሰው አብሮ ይውቀስልኝ።

ባዕድ የሚሰጠው ሁሉ ስንዴ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። በደጅዎ የሚያልፈውን ከወልድያ ወረታ የሚወስድ መንገድ ቻይናዎች ናቸው የሠሩት፤ ጃንሆይ በ1964 መባቻ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ማንም «መንገዱ አስንፎዎታል?» ብሎ ጠይቆዎት አያውቅም። ላሊበላ ላይ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ግድም ለጊዜው ተብሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተሠራው የብረት መጠለያ አለ። ዝናቡን ከልክሏል፤ ካህናቱና ሕዝቡ ግን ብረቱ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ይወድቃል ብለው ስለሰጉ በ2011 አደባባይ ወጥተው ይነሣልን አሉ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ማክሮን መጥተው ሌላ እርዳታ ቃል ገቡ። የመጀመሪያውን እርዳታ ለማንሣት ሁለተኛ እርዳታ ያስፈልጋል፤ ይህ እንዳያስገርምዎት።

ቱሪስት ካዩ ልጆችዎን ይከልክሉ። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ መለመን ከጀመሩ ቀጥሎ ወደ መዝገበ ቃላት ያድጋሉ፤ ላሊበላ ላይ ፈረንጁ ከሱቅ ገዝቶ ለተማሪው የሚሰጠው መዝገበ ቃላት፣ ፈረንጁ ሆቴል ሳይገባ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ነጋዴው፣ ልጁና ፈረንጁ ሦስቱም ደስ ብሏቸው ያድራሉና ይህንንም ማን ጎዳው ማለት ያስቸግራል። በዚሁ በመቄት ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንግዳ በእግሩ እየተጓዘ መቋት ማርያምን በመሰሉ መንደሮች እንዲያድርና የማደሪያውን እንዲከፍል አድርጎ ነበር። ገበሬው አልጋ አንጥፎ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ ዋጋውን ይቀበላል። ጦርነት መጣና እንግዳው ቀረ።

ስለ እርዳታ ድርጅቶቹ ውስጣዊ አሠራር ብዙ አልነግርዎትም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከወጣ በኋላ ከመቶ ሠላሳ በላይ ለአስተዳደር እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ወደ ሃያ አወረደው። ቁጥሩ ሲያንስ ሥራው ሁሉ «ፕሮግራም» ሆኖ ተጻፈ እንጂ የላንድ ክሩዘሩ ነዳጅ የት ሄደ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውም ለመንግሥት ብቻ የተተረተ አይመስለኝም።

በሰኔ 2015 እህሉ ተሰርቋል ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ እደላውን አቆሙ፤ ወራት አለፉ። የሰረቀው ሌላ፣ ሆዱ የታሰረው ሌላ። በጥር 2017 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ቢሮ በገቡበት ቀን የውጭ እርዳታን አገዱ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች ከእሱ ብዙ ከሚቀበሉት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጠቀማችሁ ወይስ ጎዳችሁ ብሎ አንድም ሰው ፍላቂት አልመጣም። ለዚህ ውሳኔ የሚጠየቁት እዚያው ያሉ መራጮች እንጂ ጆንያውን የሚጠብቁት አይደሉም፤ እርዳታ ሲጀመርም እንደዚሁ ነበር። እኔ ከሁሉ የምከሰው ይህንን ነው፦ የሚበላው ሰው የማያዘውን ነገር ጥሩም ሲሆን መጥፎም ሲሆን ለምስክርነት ብቻ ይጠሩታል።

ስለዚህ ላንድ ክሩዘሩ ሲመጣ ትልቁን ጥያቄ በትሕትና ይመልሱለትና በተራዎ ሦስት ነገር ይጠይቁት። የሚቀጥለው ወር ክፍያ በስንት ቀን ይደርሳል? እህሉ ከጎጃም ሊገዛ ሲችል ለምን ከባሕር ማዶ ይመጣል? የተመዘገበው ሰው ስም ዝርዝርስ የት ነው የተለጠፈው? በሴፍቲ ኔቱ መመሪያ መሠረት ዝርዝሩ በቀበሌው ለሕዝብ መታየት አለበት፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም መኖር አለበት። ጠያቂው ካላወቀ ነገ ጠዋት ራስዎ ቀበሌ ይሂዱ፤ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ከሌለ እስኪለጠፍ ድረስ አይነሡ፣ ያችን የነጠላዋን ጫፍ የምትቋጥር ባልቴትም ይዘዋት ይሂዱ።